እርቅ በክሪኬት ሜዳ

ጋሼ ለገሠን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሰላም አላልኳቸውም። በዘመን መለወጫ፣ በክርስትና፣ በሠርግ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር፣ እሳቸው ወዳሉበት ጥግ ስቃረብ የጫማዬ ማሰሪያ ይፈታብኛል። እማዬ ክንዴን ቆንጥጣ ስትገፋኝ ጉንጬን እንደ ግድግዳ አቀርብላቸዋለሁ። እሳቸው ሦስቴ ይስሙኛል፣ እኔ አንዴም አልስማቸውም። ልጅ ቂም አይዝም የሚል ሰው ካለ መጥቶ እኔን ያነጋግረኝ።

ቂሜ የጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ2002፣ በጁላይ ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እማዬ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ተረኛ ስለነበረች የምቀመጥበት ሰው ጠፋ። አባዬ ሸሚዙን ሦስት ጊዜ ከቀያየረ በኋላ፣ «በቃ አብረሽኝ ነይ፤ ከጋሼ ጣሰውና ከጋሼ ለገሠ ጋር ክሪኬት ልናይ ነው» አለኝ።

«ክሪኬት ምንድን ነው?»

«እንደ ቤዝቦል ነው። ግን ሰው አይቸኩልም።»

ሦስቱ በወጣትነታቸው መንግሥት ህንድ አገር ልኳቸው፣ አራት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ እያደሩ ምህንድስና የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። ክሪኬትንም የለመዱት እዚያ ነው። ወደ ዴንቨር ከመጡ በኋላ አባዬ የሆቴል አምፖልና ቧንቧ ይጠግናል፣ ጋሼ ጣሰው ታክሲ ይነዳሉ፣ ጋሼ ለገሠ መሃል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ በር ላይ ትኬት ይቀበላሉ። ሦስት መሐንዲስ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ጋሼ ጣሰው ታክሲያቸውን አጥበው፣ መጀመሪያ ጋሼ ለገሠን ከሚኖሩበት ከካፒቶል ሂል ሰፈር፣ ቀጥሎ እኛን ከፒዮሪያ ስትሪት አነሱን። አባዬ ከፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ ከጋሼ ለገሠ ጎን። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ዶክተር ፅዮን!» ብለው ከሸሚዝ ኪሳቸው ማስቲካ ያወጡልኝ ነበር። ያን ቀን «ደህና ነሽ?» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። አባዬን ደህና አደርክ አላሉትም፤ እሱም አላላቸውም።

«ጣሰው፣ የፊቱ መስኮት ቢከፈት ጥሩ ነው» አሉ ትንሽ እንደሄድን።

«በድሉ፣ መስኮቱን ክፈት ተብለሃል» አሉ ጋሼ ጣሰው።

«ሰምቻለሁ በለው» አለ አባዬ፣ መስኮቱን እየከፈተ።

በጣም አሳቀኝ። አዲስ ጨዋታ ያመጡ መሰለኝና እኔም «ጋሼ ጣሰው፣ አባዬን ውሃ ስጠኝ በሉልኝ» አልኩ። የሳቀልኝ ግን አልነበረም።

ሜዳው ፀሐይ የጠበሰው ሰፊ መናፈሻ ነው። መሬት እየቦረቦሩ የሚኖሩ ትንንሽ እንስሳት ዳር ዳሩን ወንፊት አድርገውታል። አንዳንዴ ኳሷ ጉድጓድ ውስጥ ትገባና ትልልቅ ሰዎች ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ከተው ይፈልጓታል። ተጫዋቾቹ ህንዶችና ፓኪስታኖች ናቸው፣ ነጭ በነጭ የለበሱ፤ ከሩቅ ሳያቸው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሐበሾች መስለውኝ ነበር። ጋሼ ጣሰው ምንጣፍ አነጠፉ፣ ሦስት ተጣጣፊ ወንበር ዘረጉ፣ የራሳቸውን መሃል ላይ አደረጉ።

«ያ እንጨት የያዘው ሰውዬ ይታይሻል?» አሉኝ። «ከኋላው የተተከሉትን ሦስት ዘንጎች ነው የሚጠብቀው። ኳሷ ዘንጎቹን እስካልነካች፣ ወይም የመታትን ኳስ መሬት ሳትነካ እስካልቀለቡበት ድረስ ከዚያ የሚያነሳው የለም።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ማታ ሊቆም ይችላል። እኛ በነበርንበት አገር እስከ ነገም ይቆማል።»

እማዬ የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንች፣ ዳቦና ሚጥሚጣ ቋጥራልን ነበር። እንቁላሉን ልጬ፣ ሚጥሚጣ ነስንሼ፣ በሁለት እጄ ለጋሼ ለገሠ አቀረብኩ። ያን ያህል ጨዋነት የማሳየው በዓመት አንዴ ነው።

«በልቻለሁ የኔ ልጅ» አሉኝ።

ውሸት! ሆዳቸው ሲጮህ መኪና ውስጥ ሰምቻለሁ። ደግሞስ እሑድ እሑድ ከቤታችን የማይጠፉ፣ ድስቱን በዳቦ የሚጠርጉ ሰው ምን ሆኑ? ግማሽ ሰዓት አልቆየም፣ አንድ ፂማም ተጫዋች ሳምቡሳ ይዞ ሲያልፍ በህንድኛ ሰላም አሉትና ሁለት ተቀበሉ። ዓይኔ እያየ ሁለቱንም በሉ። የእናቴ እንቁላል ተንቆ፣ የማይታወቅ ሰው ሳምቡሳ ይበላል! አንጀቴ እርር አለ።

የተጣላ ሰው ሳይታረቅ የተጣላውን ሰው እህል እንደማይቀምስ ያኔ ማን ነግሮኝ? ያቺን እንቁላል ቢጎርሱ ነገሩ በሆድ አልፎ በልብ ሳያልቅ ይቀር ነበር። እሳቸው በሥርዓቱ ነው የሄዱት፤ እኔ ግን ስድብ አድርጌ ወሰድኩት።

ከዚያ በኋላ ጆሮዬን ተከልኩ። ጋሼ ጣሰው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየዞሩ በዝግታ ያወራሉ። «ሁለት ወር ሙሉ» ሲሉ ሰማሁ። «ጥፋተኛው አምኗል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ሲሉ ሰማሁ። ጋሼ ለገሠ ደግሞ «አንድ ቃል ብቻ፣ እውነቱን» ይላሉ። እኔም ነገሩ ገባኝ፤ ውርርድ ነው። አባዬ በአንዱ ቡድን ተወራርዷል፣ ጋሼ ለገሠ በሌላው። በትምህርት ቤታችን የተሸነፈ የአሸናፊውን ቦርሳ አንድ ሳምንት ይሸከማል። አባዬ ደግሞ ፊቱ ላይ እንደሚነበበው እየተሸነፈ ነው።

አሁን የማውቀውን ልናገር።

ጋሼ ለገሠ ትኬት በሚቀበሉባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት አጥንተው የአሜሪካኖቹን የምህንድስና ፈተና አልፈው ነበር። አንድ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ማመልከቻቸውን አይቶ «በስልክ እንጠራዎታለን» አላቸው። የሚኖሩት መልእክት ከማያደርሱ ሦስት ጎረምሶች ጋር ስለሆነ አባዬ፣ «የእኛን ስልክ ስጣቸው። ፅዮን ከትምህርት ቤት መልስ ቤት ናት፤ እንግሊዝኛዋ እንደሆነ የኔንም ያንተንም ያስንቃል» ብሎ በኩራት ሰጣቸው። ለእኔ የነገረኝ ግን የለም።

ስልኩ ተደወለ። አንዲት ሴት ሚስተር ደምሰውን ፈለገች። ደምሰው የጋሼ ለገሠ አያት ስም ነው፤ ወረቀታቸው ላይ መጨረሻ ስለተጻፈ አሜሪካ የእሳቸው መጠሪያ አድርጎታል። እኔ ደግሞ ከተወለድኩ ጀምሮ ከ«ጋሼ ለገሠ» ሌላ ሰምቼ አላውቅም፤ የአባታቸውን ስም እንኳ አላውቀውም። ሴትየዋ ፊደል በፊደል ቆጠረችልኝ። በደንብ ሰማኋት። ደምሰው የሚባል ሰው እዚህ የለም አልኳት፣ እንደ እውነቱ። ብቻዬን መሆኔን ለማንም እንዳልናገር ስለታዘዝኩ፣ አባትሽስ ስትለኝ ሻወር ውስጥ ነው አልኳት። በማግስቱ ስትደውልም አባቴ ሻወር ውስጥ ነበር። በሦስተኛው ቀን «ሁለተኛ እንዳትደውሉብን!» ብዬ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። እንዴት እንደኮራሁ! የማላውቀው ሰው ከደወለ ዝጊ ያለኝ አባዬ ራሱ ስለሆነ፣ ምንም የሚነገር ነገር አልመሰለኝም።

ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። አንድ ደብዳቤ መጻፍ ማንን ይገድል ነበር? ሃያ ዓመት መንገድ የቀየሰ ሰው ዕድሉ በአንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አፍ ላይ ይንጠልጠል? እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ጋሼ ለገሠ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄደው ሲጠይቁ፣ «ሦስት ጊዜ ደወልን፣ አንዲት ትንሽ ልጅ እንዲህ የሚባል ሰው የለም አለችን» ተባሉ። ከዚያው ወደ እኛ ቤት መጥተው አባዬን፣ «ስልኩን ያነሳው ማነው?» አሉት። አባዬ ዓይኑን ሳያሽ፣ «እኔ ነኝ። የአያትህ ስም ጠፍቶብኝ ነው» አላቸው።

አባዬ ውሸታም ሰው አይደለም። ነገር ግን የተቃጠለ ሰው ትንፋሽ ልጅ ላይ ያርፋል ብሎ ይፈራል። ጋሼ ለገሠ በንዴት አንድ ክፉ ቃል ቢወጣቸው፣ እኔ ላይ ከሚያርፍ እሱ ላይ ይረፍ ብሎ ነው። ጋሼ ለገሠን ደግሞ ከሥራው ይልቅ ያንገበገባቸው ይኸው ውሸት ነበር፤ ስልኩን ያነሳችው ልጅ እንደሆነች በጆሯቸው ሰምተው ሳለ፣ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ፊት ለፊት ይዋሻቸዋል? ሁለት ወር ተዘጋጉ። በመጨረሻ ጋሼ ጣሰው ሽማግሌ ሆነው ገቡ። ቦታውንም የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ክሪኬት ቀን ሙሉ ይፈጃል፣ ሐበሻ አይመጣበትም፣ ተናዶ ልሂድ የሚል ቢኖር መኪናው የእሳቸው ነው።

የኔን ንዴት የሚያባብሰው ግን ይህ ነው። ሦስት መሐንዲስ ሁለት ወር ሙሉ ስለ አንድ ስልክ ሲሟገት፣ ስልኩን ያነሳችውን ልጅ አንዲት ጥያቄ የጠየቃት የለም። ሳምቡሳ ሲያልፍ እያየሁ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬላቸው ነበር እኮ!

ከሰዓት በኋላ ከተራሮቹ በኩል ደመና መጣ። ጋሼ ጣሰው ወደ መኪና ማቆሚያው ዳር ሄዱና ለጌጥ ከተደረደሩት ድንጋዮች አንዱን አነሱ፣ መዘኑት፣ ጣሉት፣ ከፍ ያለውን ያዙ። ምንጣፉን ንፋስ እንዳይወስደው ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ «ፅዮንዬ፣ እስቲ እዚያ ዛፍ ሥር ያሉትን ሰዎች ውጤቱ ስንት እንደደረሰ ጠይቂልን» አሉኝ። ልከውኝ ሄድኩ። ውጤቱን እንዳይጠፋኝ በአፌ እየደጋገምኩ ስመለስ፣ አባቴ ድንጋዩን ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ወንበራቸው ላይ በተቀመጡት በጋሼ ለገሠ ፊት ቆሟል።

ውጤቱ ከአፌ ጠፋ።

«አጥፍቻለሁ። ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ» አለ አባዬ።

ጋሼ ለገሠ አልተነሱም። «ይቅር እልሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ስልኩን ያነሳው ማነው?»

«እኔ።»

«ድንጋይ ተሸክመህም እኔ ትለኛለህ?»

«እኔ ነኝ አልኩህ።»

«ኧረ ለገሠ፣ በቃ!» አሉ ጋሼ ጣሰው። «ወገቡን የሚያመው ሰው ነው።»

«ይቁም! እውነቱን እስኪናገር ይቁም!»

አባዬ ድንጋዩን ትከሻው ላይ አስተካከለ። ሸሚዙ፣ ያ ሦስት ጊዜ ቀያይሮ የመረጠው፣ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። እኛ አጠገብ ዳር የሚጠብቀው ነጭ ለባሽ ተጫዋች አፉን ከፍቶ እኛን ሲያይ ኳሷ በእግሮቹ መሃል አልፋ ሄደች፤ ጓደኞቹ ይጮኹበታል። አባቴ የሰው መሳቂያ ሆነ ብዬ ደሜ ፈላ። በሩጫ መሃላቸው ገባሁ።

«ስቶፕ! ጌም ብቻ ነው እኮ!» አልኩ። «ደግሞ አባዬ ስልክ አንስቶ አያውቅም! የቤታችንን ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ!»

«ፅዮን፣ ዝም በይ!» አባዬ ጮኸብኝ። ከዚያ ቀን በፊት ጮኾብኝ አያውቅም። «አትስማት ለገሠ፣ ልጅ ናት፣ የምትለውን አታውቅም።»

አላውቅም? እኔ? ያን ሸክም እያቀለልኩለት?

«አውቃለሁ! ሁልጊዜ እኔ ነኝ! ሚስተር ደምሰው፣ ሚስተር ደምሰው እያለች የምትነዘንዘውን ሴትዮ እንኳ ያባረርኳት እኔ ነኝ! ሦስት ጊዜ!»

ጋሼ ለገሠ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከአባዬ ትከሻ አንስተው ሣሩ ላይ አስቀመጡት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። አባዬ ግን ቀና አላለም። ሸሚዛቸውን ጨብጦ ይዞ፣ እንዲህ ሲል ሰማሁት፤

«ለገሠ፣ ልጄን እንዳትረግማት።»

«ምን አልክ?»

«እባክህ። እኔን ያልከኝን በለኝ። እሷን ግን...»

«አንተ ሰው አብደሃል?» ድምፃቸው ሜዳውን ሞላው። «ልጅ ልረግም? እኔ? ሠላሳ ዓመት አብረኸኝ በልተህ፣ እንዲህ ነው የምታውቀኝ? ሁለት ወር ያንገላታኸኝ፣ ፅዮንን ይረግማታል ብለህ ነው?» አቅፈውት እየወቀሱት፣ እየወቀሱት አለቀሱ። አባዬም አለቀሰ። ጋሼ ጣሰው ፊታቸውን ወደ ክሪኬቱ አዙረው ማንም ሳይጠይቃቸው ያጨበጭባሉ።

እኔ ያየሁት አንድ ነገር ነው፤ ጋሼ ለገሠ አባቴን አስለቀሱት።

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። በደረቁ ሣር ላይ አንድ ጉልበታቸውን አንበርክከው ፊታቸውን ከፊቴ ጋር እኩል አደረጉ። ዓይናቸው ገና እርጥብ ነው። ሁለት ዓመት ያጠኑለትን ሥራ ማን እንዳሳጣቸው ከራሴ አፍ ከሰሙ አምስት ደቂቃ አልሞላቸውም።

«ፅዮንዬ፣ አባትሽን በፊትሽ እንዲህ አድርጌ ስላቆምኩት አጥፍቻለሁ። ይቅር በይኝ።»

«ኖ» አልኳቸው።

ጋሼ ጣሰው ሊስቁ ሞከሩ። አባዬ «ፅዮን!» አለኝ።

«ኖ። መቼም ኖ።»

ጋሼ ለገሠ አባዬን በእጃቸው ምልክት አስቆሙት። «ተዋት። መብቷ ነው» አሉና ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ከዚያ እንቁላሉን አንስተው በሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከነሚጥሚጣው። አሸንፈው አባቴን ካዋረዱ በኋላ ምግባችንንም ጨረሱት አልኩ በልቤ፤ ቂሜን ቋጥሬ ታክሲው ውስጥ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ እንደ ድሯቸው ይመጡ ጀመር። እኔ እሳቸው ሲገቡ ክፍሌ እገባለሁ። አንድም ቀን «አንቺ እኮ ነሽ ሥራዬን...» አላሉኝም። ለአባዬና ለእማዬም «ማንም እንዳይነግራት፤ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ተሸክማ አትደግ» ብለው ቃል አስገብተዋቸው ነበር። ደግነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ለእኔ ደግነት አልሆነም! አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የተበደለውን ሰው እየበደልኩ እንድኖር ነው የተፈረደብኝ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሁለት መሥሪያ ቤቶች አመልክተው አልተሳካላቸውም። ጡረታ የወጡት ከዚያችው ትኬት ከሚቀበሉባት ክፍል ነው።

በነርስነት የተመረቅሁ ዓመት እማዬ የድግሱን ተጋባዦች ስም ዝርዝር ሰጠችኝ። ብዕሬን አንስቼ የጋሼ ለገሠን ስም ሰረዝኩት። እማዬ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

«አንቺ? አንቺ ነሽ እሳቸውን የምትሰርዢ?» አለችና፣ የገባችውን ቃል አፍርሳ፣ ቆማ እንደተቆጣች ከላይ የጻፍኩትን በሙሉ ነገረችኝ።

በዚያው ዕለት ካፒቶል ሂል ሄድኩ። የኮልፋክስን ጎዳና ጨርሼ ፓርክ እስካደርግ የምናገረውን በአማርኛ ሳጠና ነበር፤ እንግሊዝኛ ለዚህ አይመችም። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ አንኳኳሁ። ጋሼ ለገሠ ሹራባቸውን እያስተካከሉ ከፈቱ። ሸብተዋል፣ ቀጥነዋል። ሲያዩኝ «ግቢ» አላሉኝም፤ የበሩን ጠርዝ ይዘው ቆሙ።

«ጋሼ፣ ሥራዎን ያሳጣሁዎት እኔ ነኝ። አላወቅሁም ነበር። እኔ...»

«እሱን እኮ ያኔ ነግረሽኛል» ብለው አቋረጡኝ። «አልቋል። ያላለቀው የኔ ነው። ይቅር አልሽኝ?»

በሕይወቴ እንደዚያ ቅጽበት የተናደድኩበት ጊዜ የለም። በእሳቸው ተናደድኩ፣ በአባዬ፣ በእማዬ፣ ሦስት ጊዜ በደወለችው ሴት፤ ከሁሉም በላይ «ኖ» ባለችው ልጅ። ያጠናሁት አማርኛ ሁሉ ጠፋብኝ። እንባዬ ይወርዳል፣ እሳቸው መልሴን ይጠብቃሉ፣ ካልመለስኩ ደግሞ እንደዚያው በሩን ይዘው ሊመሹ ነው።

«ይቅር ብዬዎታለሁ!» ያልኩት እንዲያ እየጮኽኩ ነው። ጎረቤታቸው ምን ተፈጠረ ብሎ በሩን ከፍቶ አየን።